ከሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ለክቡር ዐቃቤ ሕግ

ለክቡር ዐቃቤ ሕግ አቶ ላቀው
ባሉበት

ጉዳዩ፦ መዝገብ ውስጥ ያልገባ ምስጋናን ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። በመጨረሻው ችሎት ጉንፋን ይዞዎት፣ ድምፅዎ ተዘግቶ፣ ከዳኞቹ ጥያቄ ግማሹን በአንገትዎ ንቅናቄ ብቻ ሲመልሱ አይቼ አዝኜ ነበር። አሁን ተሽሎዎት እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። የሚቀጥሉት አሥራ አንድ ቀናት ግን ድምፅ ባይፈልጉም ፊርማ ይፈልጋሉና፣ በተለይ የቀኝ እጅዎ ደህና መሆኑን ቢያሳውቁኝ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም።

እርስዎ እኔን በደንብ ያውቁኛል። ለማያውቀኝ አንባቢ ግን ስንዱ ቢሆነኝ እባላለሁ፤ የቡሬ ልጅ ነኝ፤ በጂኦግራፊ ዲግሪ ይዤ ከተመረቅሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሥራ ስፈልግ በከረምሁባቸው ዓመታት፣ የሥራ ልምድ ሳይጠየቅ የሚገባበት ብቸኛው አዳራሽ የእናንተ ችሎት ሆኖ ስላገኘሁት ተመልካች ሆንሁ። የቤተ ክርስቲያን መስቀል ሰርቆ የሸጠውን ሰው ክስ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ፍርዱ ተከታትያለሁ። ራሱን ሐኪም ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ገበሬውን መርፌ ሲወጋ የኖረውንም እንዲሁ። ማን ይዋሻል፣ ማን ይፈራል፣ ዳኛው የቱ ላይ ፊታቸውን አጠቆሩ እያልሁ ከጎኔ ከተቀመጡት ጋር እከራከር ነበር። አልደብቅም፣ እወደው ነበር። የሌላ ሰው መከራ ከሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ ሲታይ ደስ ይላል።

ከዚያ የሠርክአዲስ ጉዳይ መጣ። ሠርክአዲስ የኬሚስትሪ መምህርት፣ በአንድ ግቢ ከክፍሌ ጎን የተከራየች ጓደኛዬ ነበረች። አንድ እሑድ ጠዋት ክፍሏ ውስጥ በሰው እጅ ታንቃ ተገኘች። የተከሰሱት የጭነት መኪና ባለቤቱ አቶ ባምላኩ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከው ሁለት ጊዜ «አይሆንም» የተባሉ ሰው። ፍርድ ቤቱ በነፃ ስላሰናበታቸው እኔም ገዳይ ብዬ አልጠራቸውም፤ ሕግ አከብራለሁ። የፍርድ ቤቱን ስም ያልጻፍሁትም ቅሬታዬ በዳኞቹ ላይ ስላልሆነ ነው። ዳኛ የሚፈርደው በቀረበለት ነው። ቅሬታዬ በአቅራቢው ላይ ነው፤ እርሱንም እንደሚከተለው በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ እርስዎ ቁጥር ያለው ነገር እንደሚወዱ ስለማውቅ።

አንደኛ። ክሱ ከመሰማቱ በፊት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቻለሁ፤ መዝገቡ ወደ እርስዎ ሄዷል ብሎ የላከኝ ፖሊስ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የምስክሮች ዝርዝር ተሟልቷል አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ግን ጊዜ ወስደው፣ ከወንበርዎ ወደ ኋላ ተደግፈው አስተናገዱኝ። «አንች እኮ የችሎት ደንበኛችን ነሽ፤ አሁን ደግሞ መድረኩ ላይ መውጣት አማረሽ?» አሉኝ። ጸሐፊዎ ሳቀች። እኔም ከይሉኝታ የተነሣ ፈገግ አልሁ። እርስዎን ይቅር ልል እችል ይሆናል፤ ያቺን ፈገግታዬን ግን እስካሁን ይቅር አላልኋትም። ምን አየሁ ብለሽ ነው የመጣሽው ብለው አልጠየቁኝም፤ አንድ ሰው ተመልካች ከሆነ የሚያየው ችሎት ብቻ ነው ብለው ሳያምኑ አልቀሩም።

ሁለተኛ። ስላልጠየቁኝ፣ ያየሁትን እዚህ ላስቀምጠው። ሠርክአዲስ ሞታ ከመገኘቷ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ያለችውን አክስቴን ልጠይቅ ከቤት ወጣሁ። ከግቢያችን በር ሃምሳ እርምጃ በማይርቅ ቦታ ጎማ የሚለጥፍ ሰው አለ፤ ቢሰጥ ይባላል። አቶ ባምላኩ እዚያ ቆመው ጎማ ያስለጥፉ ነበር። ነጯ ፒካፓቸው በክሪክ ተነሥታ መንገዱን ግማሽ ዘግታው ነበር። ሰላም አሉኝ፤ ሰላም አልኋቸው። «መምህርት አለች?» አሉኝ። «አለች፣ ፈተና እያረመች ነው» አልኋቸው። ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋ፤ ሮጬ ተሳፈርሁ።

ይኸው ነው። «የለችም» ብያቸው ቢሆን ኖሮስ የሚለውን ጥያቄ ማንም አይጠይቀኝ፤ በየቀኑ የሚጠይቀኝ ሰው አለ፤ እሱም እኔው ነኝ።

ሦስተኛ። ከቢሮዎ ስወጣ በቸርነትዎ አንድ ምክር ሰጡኝ፦ «ችሎቱ ግልጽ ነው፤ እንደ ልማድሽ መጥተሽ ተከታተይ።» ምስክር ተራው እስኪደርስ ውጭ እንደሚጠብቅ ከሁለት ዓመት የችሎት ትምህርቴ አውቅ ነበር። ነገር ግን ምስክር እንዳልሆንሁ የነገሩኝ ሕግ የተማሩት እርስዎ ነበሩ። ስለዚህ ገባሁ። የሟች እናት እማማ ንግሥቴ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም፣ መንገድ በተከፈተ ቀን በመኪና፣ በተዘጋ ቀን በእግርና በበቅሎ እየመጡ አጠገቤ ይቀመጡ ነበር። የችሎቱ አማርኛ ስለሚከብዳቸው በጆሯቸው አንሾካሽክላቸው ነበር። አንድ ቀን በጣታቸው ወደ እርስዎ እያመለከቱ «ይኼ ካባ የለበሰው ሰውየ የኛ ነው ወይስ የነሱ?» አሉኝ። «የኛ ነው» አልኋቸው። «እንዲያ ከሆነ ምነው ዝም አለ?» ቢሉኝ፣ ጉንፋን ይዞት ነው ብዬ ስለ እርስዎ ዋሸሁ። ያኔ ገና አልያዘዎትም ነበር።

አራተኛ። ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በተመልካችነት ዘመኔ ሁሉ አይቼ አላውቅም። ከሽንዲም ከቡሬም ከፍኖተ ሰላምም በሚኒባስ የመጣው ሕዝብ መስኮቱን ሳይቀር በሞላበት ቀን፣ ሦስት የመከላከያ ምስክሮች ተራ በተራ እየማሉ አቶ ባምላኩ በዚያች ቅዳሜ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ከቡሬ በመኪና ሁለት ሰዓት በምትርቀው ዱርቤቴ ገበያ ላይ የበሬ ጥርስ እያዩ እንደነበር ተናገሩ። የበሬው ቀለም በአንዱ አፍ ቀይ፣ በሌላው ዥንጉርጉር ቡሬ፣ በሦስተኛው ደግሞ «እንዲያው መልካም በሬ» ነበር። እርስዎ ስለ ቀለሙ አልጠየቁም። ይልቁንስ ያኔ እኔ ትዝ አልሁዎት። ተነሡ፤ ጣትዎን ወደ ሦስተኛው አግዳሚ ዘረጉ፤ ማስተባበያ ምስክር አለችኝ አሉ። የተከሳሽ ጠበቃ ማን ናት፣ ታማኝነቷስ በምን ይታወቃል ብለው ሲጠይቁ፣ እርስዎ ስለ እኔ ጥሩ ለመናገር ብለው በዚያች ቀን ብቻ በደንብ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ይህች ወጣት ጉዳዩን በቅርብ የምታውቅ ናት፤ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ አንድም ችሎት አላመለጣትም።»

ጠበቃው ጎንበስ ብለው አመሰገኑዎት። ሌላ መከራከሪያ አላስፈለጋቸውም። ዳኞቹም ሁሉን ተቀምጣ የሰማች ሰው ምስክር ልትሆን አትችልም ብለው፣ በሕጉ መሠረት፣ በትክክል፣ አስቀመጡኝ። ከኋላዬ አንዱ «ውይ ስንዱ፣ ተመልካችነት ፈጀሽ» ሲል አዳራሹ ሳቀ። ዳኛው ጸጥታ አሉ። እማማ ንግሥቴ ሰው ለምን እንደሚስቅ ጠየቁኝ።

አምስተኛው ቅሬታ በከተማችን ሰው ላይ ነው፤ በእርስዎ ትከሻ ላይ ብቻ ብጭነው ግፍ ይሆናል። ጎማ ለጣፊው ቢሰጥ ራሱ አራት ቀን ችሎት መጥቷል። ከእኔ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ ይፈለቅቅ ነበር። ያን ቅዳሜ ማን እንደነበረ እንዲናገር ስለምነው «እኔ የማየው ጎማ ነው እህቴ፤ ፊት አላይም» አለኝ። ለእርሱ እንኳ መጥሪያ ቢደርሰው ኖሮ፣ ምሎ ሲዋሽ ቢያንስ ፊቱን እናየው ነበር። የመምህርቷን ጉዳይ ለማየት ሦስት መቶ ሰው መጣ፤ ስለ መምህርቷ ለመናገር ግን በከተማው ሰው ጠፋ። እኔም ከሦስት መቶዎቹ አንዷ እንደሆንሁ አልዘነጋም።

ፍርዱ የተነበበ ዕለት «በነፃ ይሰናበቱ» ሲባል ከፊሉ አጨበጨበ። እማማ ንግሥቴ ክንዴን ይዘው «ምን አለ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «እና ልጄን ማንም አልገደላትም?» አሉኝ። የእኔ ዲግሪ የጂኦግራፊ ነው፤ ጥያቄው ግን የሕግ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ሙሉውን፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ፣ ለሚመለከተው ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ ማለት የሟች እናት አይችሉም፤ እኔም አልችልም። ሕጉ ያንን በር የሚከፍት ቁልፍ ለዐቃቤ ሕግ ሰጥቷል። እርስዎ ለእማማ ንግሥቴ «እናያለን» ብለዋቸዋል፤ እሳቸውም የገጠር ሰው ናቸውና እናያለን ማለት ማየት መስሏቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ። የይግባኙ ጊዜ ሊያልፍ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። መዝገቡ እስካሁን ከጠረጴዛዎ እንዳልተነሣ፣ ላዩ ላይም የሻይ ብርጭቆ እንደተቀመጠበት ያየ ሰው ነግሮኛል።

ምስክር የለኝም እንዳይሉ ግን አንድ ሰው አግኝቼልዎታለሁ። ያን ቅዳሜ ጥሩምባ የነፋብኝ የሚኒባስ ሹፌር ሃይለ ሚካኤል ነው። ነጯ ፒካፕ መንገድ ዘግታበት ከአቶ ባምላኩ ጋር ቃል ተለዋውጧል፤ ያስታውሳል። ቀኑንም አይስትም፤ የመናኸሪያው መውጫ ወረቀት በእጁ አለ። ምስክርነት ትሰጣለህ ስለው «እኔ ፍርድ ቤትና ጥርስ ሐኪም ቤት ደጃፍ አልደርስም፤ ለመምህርቷ ከሆነ ግን እገባለሁ፤ ልጄ ኬሚስትሪ ያለፈችው በእሷ ነው» አለኝ። እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ችሎት እንኳ ተቀምጦ ሰምቶ አያውቅም። እርስዎ እንደሚፈልጉት፣ ምንም ያልሰማ ንጹሕ ሰው ነው። ስልክ ቁጥሩን ከቃሉ ጋር ጽፌ ለጸሐፊዎ አስረክቤ ቀኑን አስፈርሜያታለሁ። ስለዚህ አልደረሰኝም ማለት አይቻልም።

ስለ እኔ ደግሞ አይስጉ። ባለፈው ሳምንት በሦስት ከተማ ሦስት ሠርግ የደገሰው ሙሽራ ክስ መሰማት ጀምሯል። አገሩ ሁሉ ሥራውን ፈትቶ ችሎት ገብቷል፤ ሦስቱም አማቾች ተገናኝተው ተሰዳድበዋል አሉ። እኔ አልገባሁም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ምናልባት ሊሰማኝ ቢፈቅድ፣ «ተቀምጣ የሰማች» የሚባልብኝ ተጨማሪ ቀን እንዳይኖር፣ ከማናቸውም ችሎት በር አሥር እርምጃ ርቄ አጥሩ ጥግ እቆማለሁ። ከዚያ የሚታየው ሰው ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው። እርስዎ ይግባኙን ይዘው ሲገቡ ካየሁ ሮጬ ቋሪት እደውላለሁ። አሥራ አንዱ ቀን ካለቀም በኋላ እዚያው ነኝ፤ ያኔ ግን የምቆመው እርስዎ በሚወጡበት በር ላይ ይሆናል። በየቀኑ። የእማማ ንግሥቴን ጥያቄ ይዤ።

ለክቡርነትዎ የጠራ ድምፅን፣ የሻይ ብርጭቆ የማይቀመጥበት ጠረጴዛን፣ እንዲሁም አንዲት ልጅ ቢሮዎ ስትገባ «ምን አየሽ?» ለማለት የሚበቃ ትዕግሥትን ከልብ እየተመኘሁ፣ በማይታጠፍ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ስንዱ ቢሆነኝ
የቀድሞ ተመልካች
ቡሬ

ግልባጭ፦
ለተከሳሽ ጠበቃ፣ ዐቃቤ ሕጉን በማመስገን የመጀመሪያው ሰው ስለሆኑ
ለሦስቱ የዱርቤቴ ምስክሮች፣ በሬው በመጨረሻ ምን ቀለም እንደሆነ ተስማምተው እንዲያሳውቁ
ለቢሰጥ፣ ፊት ባያይም ፊደል ስለሚያይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጸሐፊዎ ትናንት መንገድ ላይ አግኝታኝ «ኧረ ተይ አንች ልጅ፣ በስም ማጥፋት ይከሱሻል» ብላ መክራኛለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ነገሩን አስቤበት እጅግ መልካም ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ እባክዎ ይክሰሱኝ። ተከሳሽን ለምን ተቀምጠሽ ሰማሽ የሚለው የለም፤ ቃልሽን ስጪ ይባላል፤ ዳኛው ያዳምጣሉ፤ የምናገረው ሁሉ ይጻፋል። ተከሳሽ የመከላከያ ምስክር የመጥራትም መብት አለው፤ የእኔ አንደኛ ምስክር እርስዎ ነዎት። ምስክር ደግሞ፣ እንደሚያውቁት፣ እስኪጠራ ድረስ ውጭ ይጠብቃል።