ለጽጌ ያዘጋጀሁት የጸሎት ርዕስ

ጁላይ 10፣ ሐሙስ። ሲልቨር ስፕሪንግ

ሻንጣ እያዘጋጀሁ ነው። ሹራብ፣ ካልሲ፣ ጓንት። በዚህ ሙቀት ጓንት! ማስታወሻዬ፣ ከማን ጋር እንደምሄድ ታውቂያለሽ። ከጽጌ ጋር። የአላስካውን ክሩዝ፣ የመርከብ ሽርሽሩን፣ የያዝነው በገና ሰሞን፣ ገና ጓደኛዬ ሳለች ነው። አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ። መሰረዝ አይቻልም አሉ።

ነገሩ ሦስት ሳምንቱ ነው። ልጄ ቤቲ ስካይላይን የሚባለው ሰፈር ከፍቅረኛዋ ጋር ሳይጋቡ መኖር መጀመራቸውን ለጽጌ ብቻ ነገርኳት። በምስጢር። እሷ ቅዳሜ ጠዋት የስልክ ጸሎታችን ላይ፣ ያ ሁሉ የቤ/ክ ሰው እየሰማ፣ ድምጿን አለስልሳ "ቤቲን በጸሎት አስቧት" አለች። ከነምክንያቱ! ወሬው በዚያው ቀን ቤቲ ጋ ደረሰ። ማም፣ ሃው ኩድ ዩ፣ እንዴት አስቻለሽ፣ ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ጽጌ ደግሞ ለጸሎት ብዬ ነው ትላለች። ይቅርታ የሚባል ከአፏ አልወጣም።

ጁላይ 15፣ ማክሰኞ። መርከብ ላይ

ይወዛወዛል። ጽጌ ስታስመልስ ዋለች። ደስ አለኝ። አዎ፣ ላንቺ ምን እደብቃለሁ።

ነገ ማለዳ የበረዶው ግግር ጋ እንደርሳለን። ጽጌ የመጣችው ለሱ ነው። ስንመለስ በስልክ ጸሎቱ ላይ ልትመሰክርበት ርዕስ ሳይቀር አውጥታለታለች፦ "የእጁ ሥራ"። ለማቅለሽለሹ ክኒን ዋጠች፤ እንቅልፍ ያመጣል። ቀስቅሺኝ፣ አደራ፣ አለችኝ። እሺ አልኳት።

አደራ! እሷ ስለ አደራ ታወራለች።

ጁላይ 16፣ ረቡዕ፣ ማለዳ

ታንኮራፋለች። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ነጭ ይመስለኝ ነበር፤ ሰማያዊ ነው። ቤት የሚያህል ቁራጭ ተገንጥሎ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ድምፁ የደረሰን ቆይቶ ነው። አለቀስኩ። ቤቲ አጠገቤ በነበረች። ቪዲዮውን ላክሁላት። አየችው። አልመለሰችም።

እስከዚያ ድረስ ሮጬ ጽጌን ልቀስቅሳት ይሆን እያልኩ ነበር። ተውኩት። ቁርሴን በላሁ።

ከሰዓት

ነቃች። ጮኸች፣ አለቀሰች። አሳዘንሽኝ፣ እንቅልፍሽን ላለማቋረጥ ነው፣ ላንቺው ብዬ፣ አልኳት። ቆይታ ቪዲዮውን ሴንድ አድርጊልኝ አለች። ላክሁላት። ወዲያው ለቤ/ክ ሰው ሁሉ አስተላለፈችው፦ "ዛሬ በዓይኔ ያየሁት!"

ደግሜ አነበብኩት።

ጁላይ 26፣ ቅዳሜ ጠዋት። ቤቴ

መስመር ላይ ነኝ፤ እያዳመጥኩ እጽፋለሁ። ሰው ሞልቷል። ጽጌ ከቤቷ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ እየመሰከረች ነው። ሰማያዊ ነበር ትላለች። ቁራጩ ሲወድቅ ጉልበቴ ከዳኝ ትላለች። ጉልበቷ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር! ሰው አሜን ይላል። ፓስተሩ የጸሎት ርዕስ ያለው አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

አለኝ። ዐሥር ቀን ስለማመደው ሰነበትኩ፣ ድምፄን እንደ እሷ አለስልሼ፦ እህታችን ጽጌ ግግሩ ሲታይ ተኝታ ነበር፤ በጸሎት አስቧት። ቤቲን እንደማይመልስልኝ አውቃለሁ። ጽጌ ትቅመሰው ብዬ ነው።

አንሚዩት አደረግሁ፣ ድምፄን ከፈትኩ። አንድ ርዕስ አለኝ አልኩ። ጽጌ ድምፄን ስትሰማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማት፣ "እባክሽ" አለች። እኔም ድምፄን አለስልሼ "እህታችን ጽጌን በጸሎት አስቧት" አልኩ። ከነምክንያቱ።