የሸፈንኩት ወንበር ነው

ለእህቴ ለዋጋዬ፣

ከሁሉ በፊት ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ከእኔም፣ ከእማዬም፣ ከታናሻችን ከሔኖክም፣ ግቢያችን ውስጥ ከሚንቀሳቀሰው ሁሉ። እንዴት ነሽ ዋጊ? ወገብሽስ? ያ እጅሽን የሚልጠው የእቃ ሳሙና ተቀየረልሽ ወይስ አሁንም በባዶ እጅሽ ነው የምታጥቢው? ትበያለሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? የኩዌት ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኛ ጋ ሰኔ ገብቷል፤ ጭላሎ ተራራ በደመና ተሸፍኖ ከታየን ሰነበተ፣ ልብስ ታጥቦ አይደርቅም። ይሄን ሁሉ የጠየቅኩሽ እማዬ አጠገቤ ቆማ «በደንብ ጤናዋን ጠይቂ፣ ዘለሽ ወደ ነገሩ አትግቢ» ስላለችኝ ነው። እኔስ ገና ስጀምር መጻፍ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር። አባባ አልሞተም።

አልሞተም። አውቃለሁ፣ አታምኚኝም። የአክስታችን ልጅ ጉርሙ የአባባን ፎቶ ከሻማ ጋር አድርጎ «ደህና ሁን አጎቴ፣ በጌታ እቅፍ እረፍ» ብሎ ፌስቡክ ላይ ሲለጥፍ ከኛ ከሁላችን ቀድመሽ ያየሽው አንቺ ነሽ። ስንደውልልሽ «ደብቃችሁኝ ነው» ብለሽ ጮህሽ። ከዛ ያ የላክሽው ድምፅ፤ «መቃብሩን ካላየሁ አላምንም፣ ፓስፖርቴን ባይሰጡኝም ከዚህ ቤት እወጣለሁ» ያልሽው። እማዬን አልጋ ላይ ነው የጣላት። ማሎ ዋጊ፣ እባክሽ እንዳትወጪ! ያለ ፓስፖርት ከሰው በር ወጥተሽ የት ልትደርሺ? ማን ይዞሽ የት እንደሚወስድሽ ታውቂያለሽ? ስልክሽን ስለዘጋሽው ነው ወረቀት የያዝኩት። ጎረቤታችን ራቢያ እረፍቷን ጨርሳ ወደ ኩዌት ልትመለስ ነው፤ በእጇ እንድትሰጥሽ ለምኛታለሁ። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ሻንጣሽን እንዳትነኪ።

ነገሩን ከስሩ ልንገርሽ። የእመቤትሽ ግቢ ውስጥ ያሉትን ወንበሮች ፎቶ አንስተሽ የላክሽልኝ ትዝ ይልሻል? እያንዳንዱ ወንበር በልኩ ልብስ ተሰፍቶለት፣ «ፌኑ፣ ክረምቱ ሳይከብድ የአባባን ወንበሮች እንዲህ አልብሻቸው» ያልሽኝ። ልክ ነበርሽ። እነዛ ግቢ ውስጥ ሻይ የምንሸጥባቸው የዋንዛ ወንበሮችና ጠረጴዛዎች አባባ ሳይታመም የሰራቸው የመጨረሻዎቹ ናቸው። አምና አንዱ ጠረጴዛ ውሃ ጠጥቶ ተሰንጥቋል። ዘንድሮ ዝናብ አይነካቸውም ብዬ ማልኩ። እኔ ስምል ደግሞ ታውቂኛለሽ።

መጀመሪያ ላስቲክ ገዛሁ። ቀላል ነው፣ የትም ይገኛል። ሸፍኜበት ሰንብቼ ስገልጠው ወንበሩ አልቦታል! እርጥብ ካልሲ ይሸታል፣ እግሩ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል። ዝናቡ ሳይነካው በገዛ ላቡ ሊበሰብስብኝ። ከዛ ማዳበሪያ ከረጢት ገጣጥሜ ሰፋሁ፤ የስንዴ አገር ነው፣ ከረጢት ሞልቷል። ዝናቡ እንደ ወንፊት አለፈው፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ክሩ እየተበጣጠሰ የሰው ሻይ ውስጥ ገባ። አሮጌ ባነርም አግኝቼ ነበር፣ ውሃ የሚባል አያስገባም። ግን የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋው ጠረጴዛ የሚያክል መንጋጋ ሆነ። እማዬ «ይሄን እያየ ማን ፓስቲ ይበላል?» ብላ አስነሳችኝ።

በመጨረሻ ነስረዲን ጋ ሄድኩ፤ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋው። ፎቶሽን ሳሳየው ሳቀብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ወንበር ነው ሙሽራ የምታለብሺው?» አለኝ። «ሙሽራ ብትሆን አንተ ጋ አላመጣትም ነበር» አልኩት። ግን እውነቱን ልናገር፣ ስራውን ያውቃል። ላስቲክ እንጨት ያፍናል፣ ወፍራም የጥጥ ሸራ ግን ውሃ ይመልሳል፣ አየርም ያሳልፋል አለኝ። መሬት እንዳይነካ ከስር አንድ ስንዝር ክፍት ተዪለት፣ የአሰላ ነፋስ ሌባ ነው በገመድ እሰሪው፣ መሃሉን ደግሞ ከፍ አድርጊው ውሃ እንዳይተኛበት፤ ይሄን ሁሉ ነገረኝ። ከሱቁ ጀርባ ጎትቶ ያወጣው ሸራ የሰፈራችን እድር ድንኳን ነበር። እድሩ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን እሱ ወስዶት ነው። ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ አድርገው «መረዳጃ እድር» ብለው ጽፈውበታል። እኔ ልሙት አይቼዋለሁ። (ይቅርታ፣ በዚህ ሰሞን እንዲህ ተብሎ አይማልም።) ጽሑፍ ውሃ አያስገባ፣ ምን ቸገረኝ ብዬ አለፍኩት። «እንደ ፎቶው ለየብቻ ልስፋልሽ?» ብሎኝም ነበር። ደመናው እየመጣ ነበር፣ ትዕግስት ደግሞ የት አለኝ? ሁሉንም ባንዴ እሸፍናለሁ ብዬ ተሸክሜው ሄድኩ።

ወንበሮቹን ጠረጴዛዎቹ ዙሪያ ሰበሰብኩ። መሃል ላይ ረጅም ቋሚ አቆምኩና ሸራውን በላዩ ዘርግቼ በአራቱም በኩል በገመድ ወጠርኩት። ያን ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ፤ አንድ ጠብታ አልገባም። እንዴት እንደኮራሁ! ከመንገድ ሲያዩት ምን እንደሚመስል አንዳችንም አልታየንም። አስቢው እስቲ፤ ግቢ ውስጥ ድንኳን፣ ከስሩ ወንበር፣ ጎኑ ላይ የእድር ስም፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ታሞ የተኛ ሰው።

በማግስቱ ጠዋት አንዱ ላንዱ «ደመቀ ቤት ድንኳን ተጥሏል» እያለ ደዋወለ። ገብቶ የጠየቀ የለም። ድንኳን ካዩ በኋላ ምን ይጠየቃል? ወሬው አክስታችን ያለችበት ዲክሲስ ደረሰ። እማዬ ጸሎት ሄዳለች፣ እኔ ከጓሮ ሻይ ጥጄ በጭስ እማቅቃለሁ። ድንገት ለቅሶ ሰማሁ። አክስታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ያ ወቃዮ! አምላኬ! ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች በሩን በርግዳ ገባች። ከኋላዋ ጉርሙ፣ ያ ፎቶውን ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ የለጠፈው፣ ከሱ ኋላ ግማሽ ሰፈር። ሸራውን ገልጠው ገቡና የአባባ ወንበሮች ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ደግሞ በንዴት ጦፎ መጣ። «እኔ ሳልነፋ ማን ነው ለቅሶ የጠራ? ድንኳኑንስ ማን አስወጣው?» ይላል። ሰውየው የተቆጣው አባባ ስለሞተ ሳይሆን ሳይነግረው ስለሞተ ነው።

እኔ ደሜ ፈላ። የያዝኩትን ማንቆርቆሪያ መሬት ላይ ወረወርኩና «ውጡልን! የሸፈንኩት ወንበር ነው! ወንበር!» ብዬ ጮህኩ። አክስታችን እላዬ ላይ ተጠመጠመች። «ወይኔ ልጄን፣ ሀዘኑ አእምሮዋን ወሰደው፣ ወንበር ወንበር ትላለች» ብላ ባሰባት። «አልሞተም!» አልኩ። «አዎ የኔ ልጅ፣ ጻድቅ አይሞትም» አለችኝ። በጮህኩ ቁጥር ለቅሶው ይጨምራል። ሰው የሚማታ ሰው ለምን እንደሚማታ ያን ቀን ገባኝ!

ከዛ አባባ ወጣ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ብቻውን። አክስታችን መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እሱ ግን እሷን አላያትም፤ ጭቃ ጫማውን ወንበር ላይ የሰቀለውን ጉርሙን አየና «ተይ!» አለው። አሁን አፉ ላይ የቀረችለት ቃል እሷ ብቻ ናት፤ ለወንዱም ለሴቱም፣ ሲጠማውም ሲናደድም። ጉርሙ እግሩን አወረደ። አባባ ሰዎቹን አያቸው፣ ነጠላቸውን አየ፣ ቀና ብሎ ቀዩን ጽሑፍ አነበበ። ለማን እንደሚለቀስ ሲገባው ፊቱን አየሁት ዋጊ። ያን ፊት ባላይ በወደድኩ። ዞሮ ገባ።

ከዛን ጊዜ ወዲህ ሰው ሲመጣ ጋቢውን ፊቱ ላይ ይስባል። ቪዲዮ ስንደውልልሽም እንደዛ የሆነው ለዚህ ነው። ሔኖክ ስልኩን ሲያዞርበት ጋቢውን እስከ ጭንቅላቱ ሳበው፤ አንቺ ደግሞ ያየሽው አልጋ ላይ ከእግር እስከ ራሱ የተሸፈነ ሰው ነው። እኔም ብሆን እጮህ ነበር።

አሁን ማንም «ደህና ነው» ቢልሽ አታምኚም፣ አልፈርድብሽም። የኛ ሰው ውጪ አገር ካለ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚደብቅ አብረን አይደል ያየነው? የጎረቤታችን የበእውቀቱ እናት ሞተው ተቀብረው፣ እሱ ጅዳ ሆኖ «እማማ እንዴት ናት?» ባለ ቁጥር «ተሽሏታል፣ ተኝታ ነው» ሲባል ከረመ። አንቺም ራስሽ አንዴ ስልኩን ተቀብለሽ «ተሽሏቸዋል» ብለሽዋል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የሞተ ሰው ለመደበቅ የማይባል ነገር ምንድን ነው? እማዬ እንዳልጽፈው የከለከለችኝ ሁሉ ሆኖ አገኘሁት። አሁን ወደ ጓዳ ገብታለችና ልጻፈው።

አባባ አልተሻለውም። የደም ግፊት ብቻ ነው ያልንሽ ውሸት ነው፣ ስትሮክ ነው የመታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም። አፉ ወደ ግራ ሄዷል፤ ምራቁ ይፈሳል፣ ስጠርግለት ይናደዳል። ሽንት ቤት እኔና ሔኖክ ደግፈን ነው የምንወስደው፣ አንዳንዴ ሳንደርስ ያመልጠዋል፣ ያኔ ቀኑን ሙሉ አያየንም። ትናንት ገንፎ ሳጎርሰው ማንኪያውን በግራ እጁ መታብኝ፤ ገንፎው ፀጉሬ ላይ። እኔ ጮህኩበት፣ እሱ ጮኸብኝ፣ በኋላ ሁለታችንም አለቀስን። ሐኪሟ እጁን በየቀኑ አንቀሳቅሱለት አለች እንጂ ይድናል አላለችም። ትምህርት ያቆምኩት በጠብ ነው ያልኩሽም ውሸት ነው፤ ለዚህ ነው። ከፊዚክስ መምህሩ ጋር መጣላቱንስ ተጣልቻለሁ፣ እሱ ይገባዋል፤ ግን በሱ አይደለም የቀረሁት። እማዬ ብቻዋን ልታነሳው አትችልም።

ሞቶ ቢሆን ይሄን እጽፍልሽ ነበር? የሞተን ሰው ሽንት የሚያወራ አለ? የሞተ ሰው ማንኪያ ይመታል?

ሸራውን እንዳላቃጥለው እማዬ ይዛኝ ነው። ነስረዲን ጋ መልሼ ወስጄ መጀመሪያ እንዳልሽኝ ለየብቻ አስቆረጥኩት፤ ለእያንዳንዱ ወንበር በልኩ፣ ከስር ስንዝር ክፍት፣ እግሩ ላይ የሚታሰር። ጽሑፉ አብሮ ስለተቆረጠ አንዱ ወንበር «መረ» ይላል፣ ሌላው «ዳጃ»። ደንበኞች እየሳቁ «እኔ ዳጃ ላይ ነኝ» ይባባላሉ። እኔ ገና መሳቅ አልቻልኩም።

ዋጊ፣ ውልሽን ጨርሺና አሰሪዎችሽ በሩን በእጃቸው ከፍተውልሽ ውጪ። አባባን አንድ ጎኑን ይዘን ነው የምንደግፈው፤ አንቺም መንገድ ላይ ከጠፋሽብን እኔ የቱን ልያዝ? ስልክሽን ክፈቺ። ቪዲዮ አትጠይቂው፣ በድምፅ ብቻ ደውዪ፤ ጆሮው ላይ አደርግልሻለሁ።

እማዬ ብዙ ብዙ ሰላም ብላሻለች፤ ባለቀሰች ቁጥር ሽንኩርት ነው ትላለች፣ ሽንኩርት ግን ካለቀ ቆይቷል። ሔኖክ ሰላም ብሎሻል፣ ቁመቱ አልፎኛል፣ ድምፁ ጎርንኗል፣ አሁንም ግን በረዶ ሲጥል ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። አክስታችን ከዲክሲስ ሰላም ትልሻለች፣ ስላፈረች ቅቤ ልካለች። ጉርሙ ፎቶውን አጥፍቶታል፣ ይቅርታ በያት ብሎኛል፤ አንቺ ከፈለግሽ ይቅር በዪው፣ እኔ አላልኩም። ነስረዲንም የእመቤትሽ ወንበር ልብስ ክሩ ምን ዓይነት እንደሆነ አይተሽ እንድትነግሪው ይለምንሻል።

አባባ ሰላምታ አልላከልሽም። «ለዋጋዬ ልጽፍ ነው፣ ምን ልበላት?» ስለው ወደ ግድግዳው ዞረ። «ሳሚልኝ ብሎኛል» ብዬ መጻፍ አያቅተኝም ነበር፤ አልጽፍም። ከዛሬ ጀምሮ እኔና አንቺ እንዲህ እንሁን፤ የእኔ ደብዳቤ ሁልጊዜ መጥፎ መጥፎውን ነው የሚነግርሽ። ቢድን ራሱ ደውሎ ይነግርሻል። እኔ ግን አንድ ቀን «አባባ በጣም ደህና ነው፣ አታስቢ» ብዬ ከጻፍኩልሽ፣ ያን ቀን ፓስፖርትሽን ጠይቂና ነይ።

እህትሽ ፈናን ደመቀ
አሰላ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.