ንጹሕ የተባለው ወንዝ

የካቲት 4
ወንዙ ዛሬ ሐምራዊ ነው። ትናንት አረንጓዴ ነበር። ከላይ ያለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ነዋ! እህቴ በዚሁ ውኃ ጎመኗን ስታጠጣ እጆቿ ተላልጠዋል። "ተይው እታለም፣ ይሽራል" ትላለች። በየቀኑ እየነከረችው እንዴት ይሽራል?

የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ደግሞ ማስታወቂያ ለጥፏል። በአዲሱ መለኪያ መሠረት ወንዙ ንጹሕ ስለሆነ፣ የፋብሪካው ፈቃድ ዐርብ ለአምስት ዓመት ይታደሳል። ንጹሕ!

የካቲት 5
መለኪያውን ላየው ወረድኩ። ውኃውን የሚለካው ሽቦ ወንዙ ውስጥ የለም... ባልዲ ውስጥ ነው።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኩት የመለኪያውን ጥበቃ።

"እንዳይቆሽሽ ነው፣ እማማ። ኃላፊው 'ንጽሕናውን ጠብቅ፣ ከተበላሸ ከደመወዝህ ነው' ብሎኛል። የቧንቧ ውኃ ነው፤ በየጠዋቱ እቀይርለታለሁ።"

ደረቱን ነፍቶ ነው የነገረኝ። በእሱ አልተናደድኩም። ደንቡ ጥሩ፣ መሣሪያው ጥሩ... ስድስት ወር ሙሉ ቁጥሩ ንቅንቅ ሳይል፣ ከተማሩት አንዱ እንኳ "ለምን?" አይልም?

የካቲት 6
ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ተማሪዬ ነበር፤ ኬሚስትሪ አስተምሬዋለሁ። ምን ይሆን ያስተማርኩት?

"ቲቸር፣ ዘመናዊ መሣሪያ እኮ ነው። አይሳሳትም።"

"አልተሳሳተም። ባልዲውን በትክክል ለክቷል።"

ፈቃዱ ይታደስና ቀስ ብለን እናስተካክላለን አለኝ። ከታደሰ በኋላ! "ተነሥ!" አልኩት። ተነሣ፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ። ተነሥቶም ያው ነው።

የካቲት 7
ሽቦውን ሊያስተካክል ማንም አልመጣም። ለጥበቃው ወረቀት ጻፍኩለት፦ "ሽቦው ቢበላሽ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።" ፈረምኩ። ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ነገ በሦስት ሰዓት ተኩል ወንዙ ውስጥ ክተተው" አልኩት። "ልክ በሦስት ተኩል።"

የካቲት 8፣ ዐርብ
የፈቃዱ እድሳት ስብሰባ በሦስት ሰዓት ተጀመረ። ኃላፊው ከመለኪያው በቀጥታ የሚመጣውን መስመር ግድግዳው ላይ እያሳየ "እንደምታዩት..." ሲል መስመሩ ሽቅብ ተተኮሰ።

"የመሣሪያ ብልሽት ነው!" አለ ኃላፊው።

ተነሣሁ። "ገና አሁን ወንዝ ገብቶ ነው" አልኩ። የባልዲውን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። እድሳቱ ለጊዜው ይቆይ ተባለ። ለጊዜው!

የካቲት 19
ፋብሪካው እየሠራ ነው። ጉዳዩ "በሂደት ላይ" ነው አሉ። ወንዙ ቀይ።

ጥበቃው አሁን ቁጥሩን በየጠዋቱ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። እህቴ ዛሬ ቆማ አነበበችው። ማጠጫዋን ሞላች... ወደ ጎመኗ ግን አልዞረችም።

"ወዴት ነው?" አልኳት።

"ቢሮ። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ። ንጹሕ ነው ካሉ ይታጠቡበት!"

ጎመን የሚተክሉት ሴቶች ሁሉ ማጠጫቸውን ሞልተው ተከተሏት። ጫማዬን እስካስር ጥለውኝ ሄዱ።