ነጭ እስኪሆን ያጠብኩት ሥር

ውድ እህቴ ድሬማ፣

ሥሩን የላክሁበት ሳጥን ደርሶሻል ብዬ ነው የምጽፍልሽ። በስልክ ባወራሽ እጮኻለሁ፤ ስጮህ አንቺ ዝም ትያለሽ፤ ዝምታሽ ደግሞ ቁርጥ የአባባ ነው። እሱም ያስቀናኛል።

አዎ፣ ቅናት ነው፤ ስሙን አልለውጠውም። በየመስከረሙ አባባ መቆፈሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ አንቺን ብቻ አስከትሎ ጂንሰንግ የሚባለውን በውድ የሚሸጥ የመድኃኒት ሥር ፍለጋ ጫካ ሲገባ፣ እኔ እዚሁ ክሊር ፎርክ ቤታችን ባቄላ እየቀቀልኩ ቀረሁ። ሲሞትም ቤቱ ለእኔ፣ መቆፈሪያው ለአንቺ ደረሰ። አሁን ከተማ ተቀምጠሽ በኢንተርኔት ጨረታ የምታወጪውን ሥር ፎቶ ስታነሺ መቆፈሪያውን አጠገቡ ታጋድሚዋለሽ። ገዢዎቹም «የሄርሼል ልጅ እጅ ያስታውቃል» ብለው ይጽፉልሻል። አባባ አንድ ልጅ ብቻ የነበረው ይመስል!

ስለዚህ ዘንድሮ እኔም ልሽጥ ብዬ ተነሳሁ። ከምንጩ በላይ፣ ልብስ ከማሰጣበት ጀርባ፣ ቀይ ፍሬ የያዙ ጂንሰንጎች አሉ። አባባ ዕድሜ ልኩን በአጠገባቸው ሲያልፍ አንዴም አልነካቸውም። አላያቸውም ማለት ነው ብዬ ልቤ እንዴት እንደፈነጠዘ! ሕጉ እንደሚለው የመቆፈሩ ወቅት እስኪከፈት ጠበቅሁ፤ ትልቁን ብቻ ቆፈርኩ፤ ፍሬዎቹን እዚያው በአውራ ጣቴ መልሼ ተከልኩ፤ የመሸጫ ፈቃድ ወረቀቱንም አሟላሁ። ከዚያ ሥሩን በልብስ ብሩሽ ነጭ እስኪሆን ፈተግሁት። ከአናቱ ያለው ቀጭን አንገቱ ሲሰበር ምን ይሠራል ብዬ ጣልኩት።

ጨረታው ላይ ባወጣሁት ቀን ጎረቤቴ ኮርዲያ ስልኬን አየችና በሳቅ ፍርስ አለች።

«ኦርፋ፣ ድንች መሸጥ ጀመርሽ እንዴ?»

«አጠብኩታ! ቆሻሻ ማን ይገዛል?»

«አፈሩ ሽብሽቡ ውስጥ ካልታየ የዱር መሆኑን ማን ያምንሻል? አንገቱንስ የት አደረስሽው? ዕድሜው የሚታወቀው እኮ እዚያ ላይ ባሉት ጠባሳዎች ነው፤ በየዓመቱ አንዳንድ!»

አንድ ሰው ብቻ ተጫረተ። የምልክበትን አድራሻ ሳይ ያንቺ ነው። ደሜ ፈላና ደወልኩልሽ።

«ምጽዋትሽን ማን ለመነሽ?»

«እታለም፣ ምጽዋት አይደለም። ፎቶው ላይ የልብስ ገመድሽን አየሁት። ከምንጩ በላይ ያለው ነው አይደል? ባዳ እጅ እንዳይገባ ብዬ ነው።»

«አንቺ ምኑን አውቀሽ?»

«አባባ ነዋ የነገረኝ። አንቺ የተወለድሽ ጊዜ ነው በእጁ የተከለው። እዚያ መቆፈሪያ እንዳላነሳ አስምሎኛል። ‹ይሄ የኦርፋ ነው፤ አንድ ቀን ጫካ ውሰደኝ ስትለኝ አሳያታለሁ› ይል ነበር።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ አፍሽን ምን ያዘው?»

«‹ራሷ ካልጠየቀች እንዳትነግሪያት› ብሎኛል። ምን ላድርግ?»

ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት ለዚህ ነው። እኔ ነይ እስኪለኝ ጠበቅሁ፤ እሱ ውሰደኝ እስክለው ጠበቀ። እንዲሁ ስንተያይ ዕድሜው አለቀ። የገዛ ዕድሜዬን የያዘውን አንገት ደግሞ ሰብሬ ከድንች ልጣጭ ጋር ጣልኩት። አልቅሻለሁ፤ ይታወቅልኝ። ግን ከሁሉ ያቃጠለኝ ይሄ አይደለም። ለእኔ የተከለውን ስጦታ እንኳ ያሳየው ለአንቺ መሆኑ ነው።

ሥሩን እንዳትሸጪው፤ ስትመጪ ይዘሽው ነይ። መቆፈሪያውንም አትርሺ፤ ወቅቱ ገና አልተዘጋም። ባቄላውን ዘንድሮ ሌላ ሰው ይቀቅለው። ለአባባ ማለት የነበረብኝን ለአንቺ ማለቴ ያንገበግበኛል፤ ይኸው ግን፦ ጫካ ውሰጂኝ።

አሁንም የምትቀናብሽ ታላቅሽ፣
ኦርፋ