ጋሼ ተረተሩን ሊያርስ መጣ

ግንቦት 20፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰ.

ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ሩዙ እሳት ላይ ነው፣ ከሎጊያ ምግብ ቤቴ የሚመጡት ሹፌሮች ገና አልደረሱም። ሰመራ ከአሁኑ ትፋጃለች። ጋሼ ሰይድ ግን ደርሷል፣ ታላቅ ወንድሜ። ከወሎ ደጋ ወርዶ፣ ከሚሌ ወዲህ በጭነት መኪና ጋቢና፣ ያውም ካፖርት ላይ ጋቢ ደርቦ። አውልቀው ብለው ብርድ ቢመታኝስ አለ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ቅቤ ይዞልኝ መጥቶ መንገድ ላይ ዘይት ሆኗል።

ለምን እንደመጣ አይናገርም። ለዝያራ ነው ይላል። ባለፈው የመጣው አዋሽ ሳለሁ፣ ባሌ የሞተ ጊዜ ነው። አሁን በግንቦት፣ እርሻ ሊገባ ሲል፣ ለዝያራ? እስቲ እናያለን ደብተሬ።

ያው ቀን፣ ከሰ. 10

ተናገረ። ከአባባ የቀረልንን ተረተር ሊያርሰው ነው። ግማሹ የኔ ስለሆነ እሺ ሳትይ በሬ አላስገባም ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ ወረደ። በስልክ መጠየቅ ነውር መሰለው። አንጀቴን በላው።

ግን ምን ልበለው? ተረተሩን እኔም አውቀዋለሁ። ከተራራው ግርጌ፣ ውርጭ የሚያድርበት የበግ ግጦሽ። አፈሩ ስንዝር ነው፣ ከዚያ አለት። ያ በጥፍር ሲፍቁት አሸዋ ሆኖ የሚረግፈው ቀይ ድንጋይ። አፈሩም የሱ ልጅ ነው፣ አሸዋ። አንቆ የያዘው የሳሩ ሥር ብቻ። ልጅ ሆነን በግ ለማሰር ችካል አንተክልም ነበር፣ አይገባማ። ድንጋይ ላይ ነበር የምናስረው። ሳሩ ከተገለበጠ አፈሩን አንድ ክረምት ይጠርገዋል።

ይህን አላልኩትም። ሻይ ቀዳሁለት።

ግንቦት 22፣ ሐሙስ

ልቡ ዘና ይበል ብዬ ዱብቲ ይዤው ሄድኩ፣ አዋሽ ዳር። አጠፋሁ። የመስኖውን ማሳ ሲያይ ጫማውን አወለቀ። መሬቱ ደርቆ በተሰነጠቀበት እጁን ሰደደ፣ እስከ ክርን ገባ። ተጋደመና እስከ ትከሻው ከተተው። መዲንዬ፣ ይሄ'ኮ መጨረሻ የለውም ይለኛል። ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ።

ጉዱ ከዚያ ነው። ይህን አፈር በጆንያ ጭኜ ተረተሩ ላይ ልድፋው አለ። ቀልድ መሰለኝ። ምግብ ቤቴ ስንመለስ ግን ምሳ የሚበላውን የደሴ ሹፌር ጠየቀው።

“አባቴ፣ እስካሁን ያልጫንኩት አፈር ብቻ ነበር” አለው ሹፌሩ። “ስንት ጆንያ ይበቃዎታል?”

“አንተ ስንት ትችላለህ?” አለ ጋሼ፣ ኮስተር ብሎ።

የሚበሉት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ወንድሜ ሞኝ አይደለም። እንዲህ ካለ ጨንቆታል።

ግንቦት 23፣ ጁምዓ

ከሶላት ሲመለስ ያዝኩት። ምን ሆነህ ነው? ይማም ነው አለ። የመጨረሻ ልጁ። ባሕር ተሻግሬ ሳዑዲ እገባለሁ ብሏል። ጓደኞቹ ሄደዋል። የእርሻው መሬት ለታላላቆቹ ስላለቀ የቀረው ተረተሩ ነው። መሬት ካገኘ ይቀርልኛል አለ ጋሼ፣ ወደ ግድግዳው እያየ።

ወደ ጅቡቲ የሚሄዱትን በየቀኑ አያለሁ። በደጄ ነው የሚያልፉ፣ በፕላስቲክ ጫማ። ውሃ እሰጣለሁ። የወሎ ልጅ ከሆነ ሁለት ጊዜ እቀዳለሁ። ይማም መሀላቸው ቆሞ ታየኝ። በቃ፣ እረስ ልለው አፌን ከፈትኩ።

ቀደመኝ። አባባን ስንቀብር ትዝ ይልሻል? አለ። እንዴት አይለኝም። አባባ ተረተሩ ላይ ቅበሩኝ ብሎ ነበር። ጉልበት ሳይደርስ አለት። ሌላ ቦታ ቆፈሩ፣ አለት። ዶማውን የያዘው ጋሼ ነው። መጨረሻ ላይ ታች መስጊዱ ዘንድ ወሰድነው።

“ሰው መሸፈን ያቃተው አፈር ስንዴ ያበቅልልኛል ብዬ መጣሁ” አለ።

እሱ አለቀሰ። እሺ፣ ሁለታችንም።

ግንቦት 25፣ እሑድ፣ ጠዋት

ምስር ስለቅም መጣልኝ። በጎቼ። ጋሼ ዘንድ በርቢ ያስቀመጥኳቸው፣ እሱ አርብቶ ግልገሉን የምንካፈላቸው። ድርሻዬን ለምን ለይማም አልሰጠውም? ተረተሩ አይታረስ። ግማሹ ተከልሎ ሳሩ ይረፍ፣ ሲደርስ ይታጨድ። የደለበውን እዚህ ያውርድልኝ። ለምግብ ቤቱ ሥጋ ከባዳ ከምገዛ ከወንድሜ ልጅ ብገዛ ምን አለበት?

ጋሼ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። በግ ጠብቅ ተባልኩ ብሎ ጭራሽ እንዳይነሳብኝ አለ። አንቺው ንገሪው፣ አንቺን ይፈራል።

አይፈራኝም። ይወደኛል። ይሻላል።

ያው ቀን፣ ቀትር

ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ አለህ? አልኩ።

“አለሁ አክስቴ። ግልገሎቹስ የማን ናቸው?”

“ያንተ።”

“ከአባቴ ጋር አልካፈልም?”

ጋሼ ስልኩ ላይ ጆሮውን ለጥፏል። ይሄ ብልጥ፣ አለ በሹክሹክታ። ያንተ ብቻ አልኩት። ጆሯቸው ላይ ምልክት አድርግና ለይ። ባሕሩን አላነሳሁም፣ አልለመንኩም። ምላሴን ነክሼ ጠበቅሁ።

በመጨረሻ ምን አለ መሰለሽ፣ ደብተሬ? አባቴ ሲመለስ ጨው ይያዝልኝ። የአፋሩን፣ ትልልቁን። የሚያጠቡት በጎች ይልሱታል። ለክረምቱ የሚበቃ እንጂ ቁራሽ ይዞ እንዳይመጣ።

ጋሼ ይሄን ሲሰማ ተነሳ። ጨው የት ነው የሚሸጠው ይላል። ምሳህን ብላ ብለው አይሰማም፣ መንገድ ተሻግሯል። ልከተለው፣ ሰውዬው ያገሩን ገበያ እንጂ የዚህን አያውቅም።