እንጨቱ ባደገበት አቅጣጫ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም «ያረጀው እግሬ እንጂ እኔ አይደለሁም» እያልሽ ነው? ከሁሉ በላይ ዓይንሽ እንዴት ነው? እኔ ጣቴ ውስጥ ከገባችው ስንጥር በቀር ምንም አልሆንኩም። ናፍቆቱን ለምጄዋለሁ ብልሽ ስለማታምኚኝ ትቼዋለሁ።

እትዬ የጻፈችው ደረሰኝ። ዓይንሽ ፊደል መለየት ስላቃተው ደብዳቤዬን የምታነብልሽ እሷ መሆኗን ነገረችኝ። «የልጄን ወሬ በእህቱ ድምፅ መስማት ሰለቸኝ፤ ራሱ ይደውልልኝ» ማለትሽንም አልደበቀችኝም። አንጀቴን በላሽው። ለምን እንደማልደውል ታውቂያለሽ። ብዕር ስይዝ የሚቀድመኝ የለም፤ ስልክ ስይዝ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። የሠፈር ልጆች «ድገም» የሚል ስም ያወጡልኝ በከንቱ አልነበረም። ፊት ለፊት ሲሆን እጄም ዓይኔም ያግዙኛል፤ ስልክ ላይ ከዚህ ምላስ በቀር ማንም የለኝም።

አሁን ስለ ዋናው አናጢያችን ላጫውትሽ። ወንበርና ጠረጴዛ የምንሠራበትን ቤት የሚመራው እሱ ነው። ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ሽማግሌ ሲሆን ታኦ የሚሉትን የአገሩን የጥንት ትምህርት ይከተላል። ታኦ ማለት መንገድ ነው ይላል። ሁሉም ነገር የራሱ መንገድ ስላለው እሱን ተከትሎ መሥራት እንጂ መታገል አያስፈልግም ባይ ነው። ደግሞ ሃይማኖቱን ለወጠ ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ እኔ የማወራሽ ስለ መላጊያ ነው።

ባለፈው ሰሞን የጠረጴዛ ሳንቃ ስልግ ድሮ ቅርንጫፍ የበቀለበት ጉጥ አጠገብ ተቦጨቀብኝ። ጉልበት ጨመርኩ፣ ባሰበት። መላጊያውን ስዬ ተመለስኩ፣ ጭራሽ ተሰነጠረ። ሽማግሌው ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ሳይቆጣ ሳንቃውን አንስቶ አዙሮ አስቀመጠልኝ። እንጨት ባደገበት አቅጣጫ ሲላግ ይለሰልሳል፣ በተቃራኒው ይነቀላል። ይህን የማያውቅ አናጢ የለም፤ እኔ ግን ጉጡ አናዶኝ ረስቼው ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ብከፍት ገና የመጀመሪያው ቃል ላይ ተቸንክሬ ቀረሁ። ሌሎቹ ቢሆኑ ከአፌ ነጥቀው ይጨርሱልኝ ነበር። እሱ እጁን ሳንቃው ላይ እንዳስቀመጠ ጠበቀኝ። ስጨርስ «ምላስህንም በተቃራኒው ነው የምትልገው። ጉጡን ተወው፤ እሱም እንጨቱ ነው» አለኝ።

እማዬ፣ ሳስበው እኔ የኖርኩት መንተባተቤ እንዳይታወቅብኝ ስሮጥ ነው። የምወድቀውም ስሮጥ ነው። አንቺስ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ስትዪኝ አልነበር? ቤቴ የነበረውን ምክር ከባዕድ መማሬ እኔንም ያስቀኛል። አሁን ቃል ሲይዘኝ አልገፋውም። እቆማለሁ፣ ሲለቀኝ እቀጥላለሁ። ዛሬም ተብታባ ነኝ፣ ዳቦ ቤት ሰልፍ አስረዝማለሁ፤ ከኋላዬ ያለው ቢያጉረመርም ችግሩ የእሱ ነው። ስንት ዓመት ያፈርኩበትን ነገር እንደ ቁመቴ ተቀብዬዋለሁ። ቁመቴም ቢሆን እኮ የሚያስመካ አይደለም።

ስለዚህ የሚቀጥለው ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከምሳ በኋላ እደውልልሻለሁ።

እትዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ እስካሁን ድምፅ ሆና ያገለገለችኝ እሷ ናት። አፈ ጮሌው ባሏንም ሰላም በይልኝ፤ ቃል ሲይዘኝ ካላገዝኩት ማለቱ ስለማይቀር ያን ሰዓት ወጣ ብሎ ይንሸራሸር። ለትንሿ ልጃቸው አጎቷ ሲንተባተብ መሳቅ እንደተፈቀደላት ንገሪልኝ፤ አብሬያት እስቃለሁ።

አንቺ ግን ስልኩን ስታነሺ መጀመሪያ ዝምታ ትሰሚያለሽ። ከቃል ሁሉ «እማዬ» የምትለዋ ትብስብኛለች። መስመሩ ተቋረጠ ብለሽ እንዳትዘጊው። አልተቋረጠም፤ እኔ ነኝ።

ልጅሽ
ከእንጨት ሥራው ቤት በላይ ካለችው ክፍሌ
የካቲት 8 ቀን