ከታፔላ ላይ የተለቀሙ ፊደሎች

ሐምሌ 19፣ ረፋድ

መብራት መጣ፣ ተመስገን። ሻዬን ይዤ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ። የጥጃዋን ታሪክ ዛሬ ልጨርስ ነው። ማሽኑ ትናንት ማታ ራሱን ሲያድስ አምሽቷል፤ «አፕዴት ተጠናቋል» ይላል፣ ደስ ብሎት። እሰይ አልኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

መጽሐፌን ከፈትኩ። ወዳጄ ደብተር፣ ምን ልበልሽ! ፎንቱ የለም። ግማሹ ገጽ ባዶ ሳጥን፣ ግማሹ የቀበሌ ማስታወቂያ የሚመስል ቀጭን ፊደል። መስመሮቹ ተዘርግፈው ሥዕሎቹ ላይ ወጥተዋል። ጥጃዋ ሆዷ ላይ ተጽፎባታል።

ሻዩ ቀዘቀዘ። አልጠጣሁትም።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

አዲስ ደብተር ስለሆንሽ አታውቂም፤ ያለቀችው ታውቅ ነበር። መኳንንት ባሌ ነው። የታፔላ ጸሐፊ። ባነር የሚሉት ሳይመጣ፣ ከደብረ ታቦር እስከ ይፋግ ሥጋ ቤቱም ወፍጮ ቤቱም ስሙን ያገኘው በእሱ ብሩሽ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአንደኛ ክፍል መምህርት። የተዋወቅነው የክፍሌ ግድግዳ ላይ ሀ ሁ ሊጽፍ መጥቶ። የጥቂት ቀን ሥራ ነበር። ወር አስቆጠረው፣ ተንኮለኛው።

ልጃችን ትርንጎ ባ/ዳር ተማሪ ሳለች የአባቷን የእጅ ጽሑፍ ፊደል በፊደል ገልብጣ ፎንት ሠራችለት። የአንደኛ ክፍል ማንበቢያዬን የምጽፈው በዚያ ነበር። ልጆቹ ከግድግዳው ላይ የለመዱትን ፊደል መጽሐፍ ውስጥም እንዲያገኙት ብዬ።

እውነቱን ልንገርሽ? ለልጆቹ ብቻ አይደለም። ካቻምና የመኳንንት እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መድኃኒቱ ትንሽ ይረዳዋል። ብሩሽ ግን አይነካም። ስለ ታፔላ ሲወራ ተነስቶ ይወጣል። ያልተንቀጠቀጠው እጁ ያ ፎንት ብቻ ነበር። መጽሐፉ በእሱ ፊደል ታትሞ፣ ይዞት እንዲያየው ነው የምፈልገው። ሌላ ምኞት የለኝም፣ ወይም አለኝ፣ ግን ይኼ ይቀድማል።

ሐምሌ 20

ኮምፒውተር ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። አዲሱ ፕሮግራም የድሮ ዓይነት ፎንት አይቀበልም አለኝ። የድሮው ፕሮግራም ይመለስልኝ አልኩ። የለም፣ ከየትም አይገኝም። ፎንቱን ልለውጠው ብሎ ሲታገል ዋለ። የወጣው ሌላ ሳጥን።

ትርንጎ ጋ ደወልኩ። የሠራችበት ላፕቶፕ ድሮ ተሰርቋል። አባቷ የጻፈላት ወረቀቶች ከተከራየችው ቤት ስትለቅ እዚያው ቀሩ። አለቀሰች። ልቆጣት ነበር የደወልኩት፣ አባበልኳት። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ፋይሉ ነሐሴ ሳያልቅ ካልደረሰ ለመስከረም አይታተምም ብሏል።

ሐምሌ 22

ነገርኩት። በሌላ ፊደል አሳትሚው፣ ለልጅ ምን ለውጥ አለው አለኝ መኳንንት። አልተቆጣም። ቢቆጣ በወደድኩ። ራቱን ሳይጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ተኝቷል ብዬ እንዳምን። ከእሱ ጋር ስንት ዘመን ኖሬ የተኛና ያልተኛ ጀርባውን ላልለይ ነው?

ሐምሌ 26፣ ከገበያ መልስ

ዝናቡ አባረረኝ። አንድ ፀጉር ቤት ጥግ ተጠለልኩ። ቀና ስል «ፀጉር ማስተካከያ» ይላል፣ በቆርቆሮ ላይ። ፀ እግሯን ከፈት አድርጋ የቆመችው። የእሱ ናት! ጩኸቴን ሰምቶ ፀጉር ቆራጩ መቀሱን ይዞ ወጣ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? የቸኮለው ማሽኑ ነው፣ ለቃሚዋ ግን እኔ ልሁን። ስልኬን አውጥቼ አነሳሁት። ፀ፣ ጉ፣ ር፣ ማ፣ ስ... ለትርንጎ ደወልኩ። ፎቶው ጥርት ካለ ከላዩ ላይ ገልብጬ እንደገና እሠራዋለሁ አለች። አሁን ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነው። እየዘፈንኩ ነው የማጥበው።

ሐምሌ 30

መጀመሪያ የክፍሌን ግድግዳ አየሁ፤ ሀ ሁው በአዲስ ቀለም ተሸፍኗል። ከዚያ ከተማውን አዳረስኩት። ዳቦ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ፎቶ ቤት። ሰው ምን ነካት ይለኛል። ብዙው በባነር ተቀይሯል። የቀረው ዝጓል፣ ግን ይነበባል።

ማታ መኳንንት ስልኬን አገኘው። አንዱን ፎቶ አየ። ሌላውን አየ። ይቺን ጉንፋን ይዞኝ ነው የጻፍኳት አለ። ይቺ ግን፣ ይቺ ሸጋ ናት። እንባዬ መጣ። ሽንኩርት ልከትፍ ብዬ ተነሳሁ፣ ወጡ ከተሠራ ቆይቷል።

ነሐሴ 1

ማለዳ ጫማውን አስሮ፣ ጃንጥላ ይዞ በር ላይ ቆሟል። የትኛው የት እንዳለ እኔ ካላሳየሁሽ ማን ያሳይሻል ይለኛል። እሱ ነው እንግዲህ ለልጅ ምን ለውጥ አለው ያለው።

ነሐሴ 4

አንበሳሜ ደርሰን ተመለስን። ከወፍጮ ቤቱ ጮ አገኘን፣ በዱቄት ተሸፍና። ባለ ወፍጮው መሰላል አመጣልን። መኳንንት ካልወጣሁ አለ። እጁ መሰላሉን ሲይዝ ይንቀጠቀጣል፣ መሰላሉም አብሮት። ከታች ሆኜ እግሩን ያዝኩ። በመሐረቡ ጠርጎ ጠርጎ አጸዳት። ሲወርድ ወጣት መስሎ ወረደ። ወደድኩት፣ ደብተሬ። እንደ አዲስ።

ነሐሴ 9፣ ማታ

በወረታ አድርገን ይፋግ። የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ሱቅ አዲስ የሚያበራ ማስታወቂያ ሰቅሏል። መኳንንት አይቶት ዞረ፣ እንመለስ አለኝ። ሐጂ ከውስጥ ወጥተው ክንዱን ያዙት። ጾም መሆናችንን ያውቃሉ፤ ሻይና ዳቦ አስመጡ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰዱን።

የድሮው ታፔላ የአህዮቻቸው ጋጣ ጣሪያ ሆኗል! ጽሑፉ ወደ ውስጥ ነው፣ ዝናብ እንዳይነካው። መኳንንት ሳቀ። ሐጂ ግን አልሳቁም። «አንተ፣ በዚህ ጽሑፍ ነው ሰው ያወቀኝ፣ አላህ ያውቃል። እንዴት አድርጌ እጥለዋለሁ? ለአህዮቹም ቢሆን ይነበብላቸው ብዬ ነው» አሉት። ጋጣው ውስጥ በጀርባችን ተንጋለን ነው ፎቶ ያነሳነው። ሐ፣ ጂ፣ ጨ፣ ቃ። አንዲት አህያ ነጠላዬን ቀመሰች።

ሲሸኙን ለመኳንንት የሸሚዝ ጨርቅ አስያዙት። መጽሐፉ ሲወጣ የልጅ ልጆቼ ያንብቡልኝ ብለዋል። በመኪና ውስጥ እስከ ወረታ ድረስ ስለ ሐጂ አወራኝ። ከወረታ በኋላ ትከሻዬ ላይ ተኛ። የእውነት።

ነሐሴ 13

ቡሄ። በር ላይ ሆያ ሆዬ፣ ከተማው በጅራፍ ይጮኻል። ሙልሙል ሰጥቼ ተመለስኩ። ኢንተርኔት የለም፤ ፎቶዎቹን በሚሞሪ አድርጌ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ለትርንጎ ላክሁ። ሾፌሩ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። መኳንንት መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ቆሞ አየ።

ነሐሴ 19

ትርንጎ ደወለች። ተሠርቷል! ፍላሹን ያው ሾፌር አመጣው። ጫንኩት፣ ከፈትኩት። ሳጥን የለም። ጥጃዋ ሆዷ ነጻ ወጣ። መኳንንት ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ገጽ በገጽ እያየን ሳለ ቀዳዳ አገኘን። ሕፃኑ እናቱን የሚጠራበት ሁሉ «እማ» ብሎ ይቆማል። ዬ የለችም። ከየትኛውም ታፔላ ላይ አላገኘናትም። ልክ ነዋ፣ ሥጋ ቤት ላይ እማዬ ብሎ የሚጽፍ ማነው? ከሚሸጥ ነገር ጋር አብራ የማትሄድ ፊደል ሆነች።

ትርንጎ ከ«የ» ላይ ቀጥዬ እሠራታለሁ አለች። እሺ ልል ነበር። መኳንንት አይሆንም አለ። ቅጥያ አትመስልም፣ ራሷን የቻለች ናት አለ። ከዚያ በኋላ ራትም አልፈለገ።

ነሐሴ 20፣ ጠዋት

ከእንቅልፌ ያነቃኝ የቀለም ሽታ ነው። በረንዳ ላይ ካርቶን ዘርግቶ፣ ብሩሹን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዬን ይጽፋል። አንዷ ተበላሽታ ተጥላለች። ሌላም ተጥላለች። ከበሩ ኋላ ቆምኩ። ልርዳህ ልል አፌ ድረስ መጣ፣ ዋጥኩት። እግዜር ይወቅልኝ፣ እንደ ዛሬ ጠዋት ዝም ብዬ አላውቅም።

አንዷን አንስቶ አየኝ። እግሯ ተንቀጥቅጧል፣ ክቧ ተወላግዷል። ላኪላት፣ ግን ታቅናት አለኝ። ፎቶዋንና የመጽሐፉን ፋይል በዚያው ሾፌር እጅ ላክሁ።

ነሐሴ 21

ትርንጎ በስልክ። በአንድ ደቂቃ አቀናዋለሁ ትላለች። መኳንንት ጎኔ ቆሞ አዎ አቅኚው ይላል፣ ልጆቹ ይስቁብኛል ይላል።

ስልኩን ወደ ጎን አድርጌ ነገርኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የአንደኛ ክፍል ደብተር ሳርም ኖሬያለሁ። አንድም ልጅ የመጀመሪያ ፊደሉን ሳይንቀጠቀጥ ሲጽፍ አላየሁም። የሌሎቹን የተስተካከለ ፊደል አይተው የሚፈሩ ልጆች አሉ፣ እርሳስ የማያነሱ፣ የሚያለቅሱ። ይቺን ሲያዩ ይኼስ እኔም የምችለው ነው ይላሉ። እኔ ነኝ የማውቀው፣ መምህሯ እኔ ነኝ፣ አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ጎረቤት መስኮት ከፈተ።

አገጩን አሸ። ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ለልጁ ራሱ ነገራት። እንዳትነኪያት አላት።

ትርንጎ ነገ ጠዋት ፋይሉን ይዛ ማተሚያ ቤቱ ትገባለች።